የአውራ ጣቴ ነገር

ነገሩ የተጀመረው በቁጠባ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ቃሌን አላጠፍኩም። በቁጠባ ነው የተጀመረው።

በ2012 ኮሮና ዓለሙን ሁሉ ቤቱ ባስቀመጠበት ወቅት አሜሪካኖች መጀመሪያ የሽንት ቤት ወረቀት፣ ቀጥሎ ዱቄት፣ ቀጥሎ ጥይት ገዝተው ጨረሱ። የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ነው፤ ዳቦ ልገዛ ብለህ ወጥተህ ሦስት የአገርህ ሰው ሰላም ሳትል የማትመለስባት፣ በርበሬውም ጌሾውም የማይጠፋባት ከተማ። ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኤልክ አደን ወስዶኝ ነበር። ኤልክ የአጋዘን ታላቅ ወንድም በሉት፤ ቁመናው ፈረስ የሚያህል፣ ቀንዱ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ፣ ወንዱ ሦስት መቶ ኪሎ ቢመዝን የማይገርም እንስሳ ነው። እኔም ተምሬ የአደን ፈቃድ አወጣሁ፣ ያገለገለ ጠመንጃ ገዛሁ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተኮስኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳትኩ። ይህን የምናገረው ኩራት ሆኖብኝ አይደለም። ለጥይት ቁጠባ ያን ያህል የተጨነቀው ሰውዬ በዓመት አንድ ጥይት እንኳ እንደማይጨርስ አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ ብዬ ነው።

ጠመንጃዬ ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚባለውን ጥይት ነው የሚጎርሰው። ስድስቱ የአሜሪካ ጦር ጥይቱን የተቀበለበት ዓመት ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ 1906። ይህን ለጋሼ በስልክ ብነግራቸው ሳቁብኝ። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ደምበጫ ተወልደው፣ በጃንሆይ ጊዜ ወታደር ሆነው ዞረው ዞረው፣ ደምበጫ የገቡ ሰው ናቸው።

«እሱማ የኤም ዋን ጥይት አይደለም እንዴ!» አሉ። «ስምንት ስምንቱን በብረት ታቅፎ ነበር የሚመጣው። ስምንተኛውን ስትተኩስ ብረቱ ቅጭል ብሎ ይወረወራል። ሌሊት ከሆነ ጠላትህ ‹ጨረሰ› ብሎ ይነሳብሃል።»

እንዲህ ያለ አጎት ያለው ሰው ዝም ብሎ ከሱቅ ጥይት ገዝቶ ቢመለስ ያሳፍራል። ለዚያውም ከተገኘ። አልተገኘም። ሲገኝም ዋጋው እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ባልደረባዬ ነው እንግዲህ «ለምን ራስህ አትሞላውም?» ያለኝ። እዚህ አገር ሰው ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥይት ይሞላል፤ የተፈቀደ ነው፤ ጡረታ የወጡ አዛውንቶች እኛ ዳማ እንደምንጫወተው ነው የሚጫወቱት። አገር ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ሕግ አለ፤ ይህን ወግ አንብቦ ጓዳው ውስጥ ሙያ ሊጀምር የሚያስብ ካለ ቅድሚያ የእኔን አውራ ጣት፣ ቀጥሎ አዋጁን ይመልከት።

ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ጥይት ልሞላ ነው።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«የት ነው የምትሞላው?»

«ቤት ውስጥ።»

«ቤት ውስጥ! ሚስትህ ታውቃለች?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«አይ... ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። አባባሉን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት፤ አያቴ ውጅግራ ነበራቸውና የአያትህ ልጅ ነህ ማለታቸው መሰለኝ። ማለታቸውስ ነበር። በምን በኩል እንደሆነ ነው ያልገባኝ።

ስለ ውጅግራው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቤታችን ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ እያየነው ነው ያደግነው። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ግራ የሚባለው መኮንን በ1874 እንደ ፈረንጆቹ ለጦራቸው ያወጣው ጠመንጃ ነው፤ እነሱ ፉዚ ግራ ሲሉት እኛ ውጅግራ አደረግነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለበል የተባለውን አወጡና አሮጌውን በየወደቡ ቸበቸቡት፤ ለዓድዋ የደረሰው አንዱ እሱ ነው። አፉ ዐሥራ አንድ ሚሊ ሜትር፣ የሚተፋው እርሳስ 25 ግራም። በምኒልክ ዘመን ጥይቱ ገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ይሆን ነበር። ቀለሁም ቢሆን አይጣልም፤ ተመልሶ ይሞላል፤ ካልተሞላም ሌላ ሥራ አያጣም። ሴት አያቴ፣ ኋላ መነኩሰው እማሆይ የተባሉት፣ ኩላቸውን የሚያስቀምጡት በውጅግራ ቀለህ ነበር፤ ክዳኑ ከእንጨት የተቀረጸ፣ መኳያዋ አብራ የተሰካች።

ወንዱ አያቴ፣ አባባ፣ ደግሞ የግራ አውራ ጣታቸው ጫፍ አልነበረችም። ከአንጓዋ በላይ ጎድላ የቀረችው ጉማጅ እንደ ባቄላ ድብልብል ብላ ታበራለች። እኛ የልጅ ልጆች ተራ ይዘን እንነካታለን። ታሪኳንም በየዓመቱ፣ ለጥምቀት ወይ ለሠርግ፣ የደምበጫ አረቄ ሁለት መለኪያ ከገባ በኋላ እንሰማለን። የካቲት 27 ቀን 1933 ነው። ጣልያን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት ጦር ስር ያለ አንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ደምበጫ አጠገብ መንገዱ ላይ ሰፍሯል። ሻለቃው የጣልያኑን አመጣጥ በደንብ አላወቀም፣ ጣልያኑም ሻለቃው ያለበትን አላወቀም፤ ንጋት ላይ ፊት ለፊት ተላተሙ። ስደተኛ ሆነው ኬንያ የቆዩ፣ ሠልጥነው የመጡ ልጆች ናቸው፤ ከነሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጦር በላያቸው ሲያልፍ ተናነቁት፤ ብዙ ወደቀ። ከዚያ አንድ ወር ሆኖ መጋቢት 28 ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ይህ የታወቀ ነው፣ መጽሐፍም ጽፎታል። መጽሐፍ ያልጻፈው አባባ ከባላገር አርበኞች ጋር ከወንዝ ዳር ሆነው ሲተኩሱ የባንዳ ጥይት አውራ ጣታቸውን ይዞባቸው መሄዱን ነው። እዚህ ላይ ሲደርሱ ቆመው ይፎክራሉ፤ ጉማጇን ወደ ላይ ያነሷታል፤ ቤቱ እልል ይላል። እማሆይ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉና «አረቄው እንዳያርብኝ» ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። እኔ በልጅነቴ አረቄ የሚያርር ነገር ነው ብዬ አስብ ነበር።

ወደ ቁጠባዬ ልመለስ።

ጥይት አራት ነገር ነው፤ ቀለህ፣ ባሩድ፣ እርሳስ፣ እና ከቀለሁ ቂጥ የምትወሸቀው፣ ከምስር ትንሽ ተለቅ የምትለው ቆብ። እኔ ካፕሱል እላታለሁ፤ ጋሼ «አቀባይዋ» ይሏታል፤ እሳት አቀባይዋ ለማለት። የጠመንጃው መርፌ ቂጧን ሲመታት ውስጧ ያለው ቅመም ከትንሽ መስፍ ጋር ይላተምና ይፈነዳል፤ እሳቱ በቀዳዳ ገብቶ ባሩዱን ያነዳል። የቀሩት ሦስቱ ዝም ያሉ ነገሮች ናቸው። ባሩድ እንኳ ሜዳ ላይ ብታነደው ይነዳል እንጂ አይጮህም። አቀባይዋ ግን ገና ስታያት ቁጡ ናት። እሷን ቤቷ የሚያስገባ መሣሪያ መምረጥ ነው እንግዲህ ስምንት ወር የፈጀብኝ።

መጀመሪያ ካፕሱሏን ራሷን ፈለግሁ፤ የለችም። ከጥይቱም ይልቅ የጠፋችው እሷ ናት፤ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች አንዱ የዚያን ዓመት ከስሮ ተሸጧል፤ ያለውም ለራሱ ጥይት እያዋለው ነው። አንድ ቀን አንድ ሱቅ ውስጥ ሺህ ፍሬ የያዘ ካርቶን አየሁና ዋጋ ሳልጠይቅ ታቅፌው ወጣሁ። ቤት ገብቼ ብከፍተው ትንሿ ናት። ትልቅና ትንሽ መኖሩን አላውቅማ! ለእኔ ቀለህ የምትሆነው አምስት ሚሊ ሜትር ከሩብ ገደማ ስፋት ያላት ናት፤ የገዛሁት አራት ተኩል የማትሞላ ሆና ተገኘች። ቀዳዳው ውስጥ ስከታት ትንቀጫቀጫለች። ሺውም ፍሬ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። የሚፈልግ ካለ አልሸጥም፤ ማስታወሻ ነው።

ትልቋን ካገኘሁ በኋላ የመሣሪያው ምርጫ መጣ። ጥይት መጫኛው ማሽን ላይ አብሮ የተገጠመ ክንድ አለ፤ ካፕሱሏን በእሱ ማስገባት ይቻላል፤ የሚያውቁ ሰዎች ግን አይወዱትም። ክንዱ ረጅም ስለሆነ ጉልበቱ ይበዛና እጅህ ምንም አይሰማውም አሉኝ። ካፕሱል ከቀለሁ ቂጥ ጋር እኩል ሆና መቅረት የለባትም፤ ከፍ ካለች ጠመንጃው ሲዘጋ ልትፈነዳ ትችላለች፤ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ወደ ውስጥ ዝቅ ማለት አለባት። ይህን ደግሞ ዐይን አያየውም። ጣት ነው የሚያውቀው። ስለዚህ በመዳፍ ጨብጠህ በአውራ ጣት የምትጫነው መሣሪያ ይሻላል ተባለ። ለጋሼ ነገርኳቸው።

«እውነት ነው፤ አውራ ጣት ያውቃል» አሉ። «አውራ ጣት ብዙ ያውቃል» ብለው ደገሙ። ሳል ይሁን ሳቅ አልለየሁትም።

የመጀመሪያው የእጅ መሣሪያ እላዩ ላይ ክብ ሳህን አለው። ሳህኑ ውስጥ ቦይ ቦይ ተሠርቷል፤ መቶ ካፕሱል ትደፋበትና በቀስታ ስትነቀንቀው የተደፉት ሁሉ ይቃኑልሃል። አሠራሩ ወዲያው ገባኝ፤ ሰፌድ ነዋ! እማሆይ ጤፍ ሲያበጥሩ፣ ሲያንገዋልሉ እያየሁ ነው ያደግሁ። ያጠፋኝም ይኸው ማወቄ ነው። ቀኑ ደግሞ እንቁጣጣሽ ነበር። ሳሎኑ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ እንግዳ ሞልቷል፣ ቡና ሊፈላ ምድጃው ተያይዟል። እኔ ጥግ ላይ ለባልደረባዬ ለፈረንጁ «የእኛ ሴቶች ከጥንትም ያውቁታል፤ እንዲህ ነው» ብዬ አንዴ በእጄ አንጓ ቸብ ባደርገው መቶውም ካፕሱል እንደ ገለባ ተነሥቶ ቄጠማው ውስጥ ገባ።

ባለቤቴ ምድጃውን ይዛ እየመጣች ነው።

«ቁሚ!» ብዬ የጮህኩትን ጩኸት አባባም ጣልያን ፊት አልጮኹትም። ቆመች። እንግዳው ሁሉ ቆመ። ከዚያ የሆነውን ለመንገር ይከብደኛል፤ አሥራ ሰባት ሰው በሀበሻ ልብስ ተንበርክኮ ቄጠማ ሲለቅም ዋለ። ምን እንደጠፋ ለማንም በደንብ አልተነገረም፤ «ብርማ ነገር ነው፣ ክብ ነው፣ እንዳትረግጡት» ብቻ ነው የተባለው። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ መነጽራቸውን አድርገው አንዷን አነሡና በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩዋት።

«ይህቺ ምን ትባላለች ልጄ?»

«ቁልፍ ናት አባ፤ የሸሚዝ» አልኩ።

ለንስሐ አባት መዋሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ዘጠና ሰባት ተገኘ። ሦስቱ እስካሁን አልተገኙም፤ ቄጠማውን በጥንቃቄ ጠቅልለን ከከተማ ውጪ ጣልነው፤ የቤት መጥረጊያውንም ማሽን ባለቤቴ ለአንድ ወር አላስነሳችም። ዛሬም ምንጣፍ ላይ በባዶ እግሯ ስትሄድ ዝግ ብላ ነው።

ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ ከብረት የተሠራ፣ ግርማ ያለው መሣሪያ ገዛሁ። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። ምግብ ጠረጴዛችን ላይ የተወው ጠባሳ ራሱ ይናገራል። ጥፋቱም የመሣሪያው አይደለም፤ የቀለሁ ነው። ለመቆጠብ ብዬ ከአንድ ሜዳ ገበያ አምስት መቶ ያገለገለ ቀለህ በርካሽ ገዝቼ ነበር። አሮጌዋን ካፕሱል በመርፌ ከውስጥ ገፍቶ ማስወጣት ይቀድማል፤ መርፌው ተሰበረ። ሌላ ገዛሁ፤ ተሰበረ። ሦስተኛው ሲሰበር በባትሪ አብርቼ ቀለሁን ወደ ውስጥ ብመለከተው፣ መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ መኖር ሲገባው ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ እንደ ጉጉት ፈጦ ያየኛል።

የዚህም ታሪክ ያስቃል። በአንድ ዓመት፣ በ1866 እንደ ፈረንጆቹ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ለማሠራት ሲደክሙ በነበረበት ሰሞን፣ ሁለት መኮንኖች ሁለት ዓይነት ካፕሱል አወጡ። የአንደኛው መስፍ ካፕሱሏ ውስጥ ነው፣ ቀለሁ አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል፤ የሌላው መስፍ ቀለሁ ላይ ተሠርቶ ይመጣል፣ ቀዳዳውም ሁለት ነው። ባለ አንድ ቀዳዳውን ያወጣው እንግሊዛዊው ቦክሰር ነው፤ ግን አሜሪካኖች ወሰዱት። ባለ ሁለቱን ያወጣው አሜሪካዊው በርዳን ነው፤ አውሮፓ ወሰደው። የሙሽራ ልውውጥ ይመስላል። ለቤት ሞይ የሚመቸው የቦክሰሩ ነው፤ የበርዳኑን መርፌ አይገፋውም። የእኔ አምስት መቶ ቀለህ የትኛው አገር ጦር ሜዳ ላይ እንደተለቀመ እግዜር ይወቀው፤ ሁሉም ሁለት ዐይና ነው።

ጋሼ ግን ገና ሳልጨርስላቸው አወቁት። «የጣልያኑ ቀለህ እንደዚያ ነበር» አሉ። «አባባ ሁለት ዐይናውን አይወዱትም ነበር። ለሕፃን መጫወቻ ይሰጡናል።»

«አባባ ይሞሉ ነበር እንዴ?»

«አይ፣ እንደው ነው» አሉና ስለ ዘንድሮው በቆሎ ጀመሩ። አያያዛቸው ትንሽ አስደነቀኝ፤ ግን በቆሎው ላይ ተምች ወርዶ ነበርና ወሬው እዚያው ገባ።

እዚህ ላይ የነበርኩበትን ልንገራችሁ። ስምንት ወር አልፏል። ሁለት መሣሪያ፣ አንድ መጫኛ ማሽን፣ ሦስት የተሰበረ መርፌ፣ ሺህ የማይሆን ካፕሱል፣ አምስት መቶ የማይሆን ቀለህ። ባለቤቴ ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፋ ትደምራለች። በዚያ ገንዘብ የሃያ ዓመት ጥይት ይገዛ ነበር፤ እኔ በማድንበት ፍጥነት ከሆነማ የመቶ ዓመት። ለነገሩ ኤልኩን ብገድለውም በቤታችን የሚበላው አልነበረም። ኤልክ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፤ በዚያ በኩል ንጹሕ ነው። ግን በቢላ፣ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ፣ በጥይት የተንከባለለ ሥጋ እኔ ድስት ውስጥ አይገባም ብላ ባለቤቴ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነግራኛለች። ታዲያ ለምን አልተውኩትም? እንጃ። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ቀለህ ሳጸዳ፣ የናሱ ሽታ እጄ ላይ ሲቀር፣ የእማሆይ ጓዳ ይሸተኛል፤ ጥንስሱ፣ ጌሾው፣ አረቄው በመቃ ጠብ ጠብ ሲል፣ ከላይ ከምሰሶው የውጅግራው ዘይት። ኦሮራ ውስጥ ይህን ሽታ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ሦስተኛው መሣሪያ የመጣው በዚህ መካከል ነው። አንድ ሽማግሌ ቤታቸው ደጅ ዕቃ ሲሸጡ አየሁት፤ በትንሽ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ አምስት ስድስት የብረት ቁርጥራጮች። ማሽን የለውም፣ ጠረጴዛ አይፈልግም፣ ሁሉም ነገር በመዶሻ ነው። ካፕሱሏንም በመዶሻ ኳ ኳ እያደረግህ ነው የምታስገባት። ከሁሉም ርካሹ ነው። «ተጠንቀቅ፤ አልፎ አልፎ አንዷ ትጮሃለች» አሉኝ ሽማግሌው። «መነጽር አድርግ።»

ሌሊት ነው፤ ልጄ ተኝቷል፣ ባለቤቴ ተኝታለች። የባለቤቴን የፀሐይ መነጽር አደረግሁ። ባሩድ በአቅራቢያው የለም፤ እሱን እንኳ አውቄበታለሁ። ደህና ቀለህ ገዝቼ አጽድቼ ደርድሬያለሁ። የመጀመሪያዋ ገባች፤ በአውራ ጣቴ ዳሰስኳት፤ ዝቅ ብላ ልክ ቦታዋን ይዛለች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም። በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ሲቃና አየሁ። ሰባተኛዋ ላይ ማንጎራጎር ጀመርኩ። አሥራ አንደኛዋ ላይ ቀረርቶ ሳልሞክር አልቀርም፤ ቀስ ብዬ፣ ልጁ እንዳይነቃ። አሥራ ሁለተኛዋ ጮኸች።

ድምፁ እንደ ጥይት አይደለም። የደረቀ እንጨት ጆሮህ ሥር ሲሰበር ነው። እሷ እንኳ እዚያው ቀለሁ ውስጥ ጮኻ ቀረች፤ እኔን የነካችኝ ነገር የለም። የነካኝ መዶሻው ነው። ስደነግጥ እጄ ወደ ላይ ተወረወረና መዶሻው እንደገና ሲመለስ የወረደው ግራ አውራ ጣቴ ላይ ነበር። ጥፍሩ እዚያው ጠቆረ። ባለቤቴ ስትሮጥ መጥታ፣ በሌሊት በጥቁር መነጽር፣ አውራ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ እየዘለልኩ አገኘችኝ። ከታች የሚኖረው ጎረቤት በሩን አንኳኳ። «ሥዕል ልሰቅል ምስማር እየመታሁ ነው» አልኩት። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት።

ንጋት ላይ ለጋሼ ደወልኩ፤ ደምበጫ ከሰዓት በኋላ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ጣቴ ላይ ስደርስ ትንፋሻቸው ተለወጠ።

«የትኛው እጅ?»

«ግራ።»

«የትኛው ጣት?»

«አውራ ጣት።»

ከዚያ ሳቁ። በሕይወቴ ጋሼ እንደዚያ ሲስቁ አልሰማሁም፤ ሳቁ አልቆ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጡና ውኃ ጠጥተው ተመለሱ።

«አባባ ከዚያ ጦርነት በዐሥር ጣት ነው የተመለሱት» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«ነበሩበት፤ ውሸት የለውም፤ ተኩሰዋል። ጣቷ ግን ሌላ ናት። የታላቄ ሠርግ ነበር፤ ጣልያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ሆኖታል። ሠርግ ያለ ተኩስ ሠርግ ነው? ጥይት የለም። ቀለህ ግን አለ። ጓዳ ገብተው፣ እማሆይ አረቄ የሚያወጡበት እሳት አጠገብ ቁጭ ብለው እየሞሉ ነበር። በምን እንዴት አትበለኝ፤ አልነግርህም፤ አንተም ልጅ አለህ። እኔ ገና ልጅ ነኝ፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ አያለሁ። አውራ ጣታቸውን ጭነው ይዘዋት ነበር። አቀባይዋ ጮኸች። የጣቷን ጫፍ ኋላ እማሆይ ናቸው ያገኙት፤ ጥንስሱ ውስጥ ገብታ። ያንን ጥንስስ ደፉት፤ የሠርጉ አረቄ ነበር። ከጣቷ ይልቅ ያ ነው የቆጫቸው።»

«ሰው አያውቅም?»

«ደምበጫ ሁሉ ያውቃል! ሠርጉ ላይ ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የፎከሩት። ታዲያ የሚፎክር ሰው ይቋረጣል? በመጀመሪያው ዓመት ‹ጥይት ነው› አሉ። እሱስ እውነት ነው። በሁለተኛው ዓመት ‹የባንዳ ጥይት› ሆነች። እናንተ ስትወለዱ ወንዙ ዳር ደርሳለች።»

እማሆይ ለምን ሁልጊዜ ወደ ጓዳ እንደሚገቡ ያን ጊዜ ገባኝ። አረቄ አያርርም።

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ጋሼ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ለመሆኑ የቱን መሣሪያ ልትይዝ ነው?» አሉ። የእጁን አልኳቸው፤ ባለ ሳህኑን፤ ከእንግዲህ ሳህኑን ግን ባለቤቴ ናት የምትነቀንቀው። «አበጀህ» አሉ። «የመዶሻውን ሣጥን ደግሞ ላክልኝ፤ ኩል ማስቀመጫ የሚሆን ነገር አይጠፋውም።» አልላክሁም። ጉምሩክ ላይ ከፍተው «ይህ ምንድን ነው?» ቢሉ ቁልፍ ነው አይባል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ቡና እየተፈላ ነው። ጥፍሩ ከጠቆረ ሳምንት ሊሆነው ነው፤ በነጭ ፋሻ ጠቅልዬዋለሁ፤ ማንም ሳያየው ማለፍ የማይችለው ፋሻ። አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ ወዳጄ፣ ስኒውን ይዞ መጥቶ ተቀመጠ።

«ጣትህን ምን ሆነህ ነው?»

መዶሻ ልል አፌን ከፈትኩ። ዙሪያዬን አየሁ፤ አምስት ስድስት ሰው ዘወር ብሎ ይጠብቃል። ልጄም አጠገቤ ቆሟል።

«ኤልክ ነው» አልኩ።

«ኧረ! ቀንዱ?»

«ቀንዱ።»

«ተናነቅኸው እንዴ ታዲያ?»

«እንግዲህ...» አልኩና ወንበሬን ወደ ፊት ሳብኩ። «ቦታው ገደላማ ነው። ንጋት ላይ ነው። እሱም እኔን አላወቀም፣ እኔም እሱን...»

ልጄ እጁን ዘርግቶ ፋሻውን ቀስ ብሎ ነካው። ባለቤቴ ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገችና «ጀበናው እንዳይገነፍል ልየው» ብላ ተነሣች።